የውሃ ዲስፔንሰር በጤና ተቋማት፦ ችላ የተባሉ ጉዳቶቹ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተሞች በሚገኙ መሥሪያ ቤቶች፣ የግል ክሊኒኮች፣ መድኃኒት ቤቶችና ሆቴሎች ውስጥ ባለ 20 ሊትር ጠርሙስ በአናቱ ተሸክሞ የቆመ የውሃ ዲስፔንሰር ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ ከቀረ ሰንብቷል። ሕዝቡ በፕላስቲክ የታሸገን ውሃ ሁሉ «ሃይላንድ» ብሎ ይጠራል፤ ስያሜውም በብዙዎች ዘንድ ከንጽሕና ጋር አንድ ትርጉም ያለው እስኪመስል ድረስ ሥር ሰድዷል። በመሆኑም በተራ መጠበቂያ አዳራሽ የሚቀመጠው ማሽን ለታካሚው የአክብሮት፣ ለተቋሙም የጥራት ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ በፋብሪካ ከታሸገው ጋር አንድ ስለ መሆኑ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም።

ማሽኑ ወደ ጤና ተቋማት የገባበት ምክንያት ግልጽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት የጋራ ሪፖርት በዓለም ላይ ካሉ አራት የጤና ተቋማት አንዱ መሠረታዊ የውሃ አገልግሎት እንደሌለው ተመልክቷል። ቧንቧው ለቀናት በሚደርቅበት ጤና ጣቢያ የሚሠራ ኃላፊ ገንዘብ ሲያገኝ ዲስፔንሰር ቢገዛ አያስወቅሰውም። ጉዳቱ የሚመጣው ማሽኑ ከተገዛ በኋላ የውሃው ጉዳይ እንደተፈታ ተቆጥሮ ሲተው ነው።

ውሃው በማሽኑ ውስጥ ምን ይገጥመዋል?

የተለመደው ዲስፔንሰር አሠራር ቀላል ነው። ጠርሙሱ ተገልብጦ አንገቱ በማሽኑ አናት ላይ ባለው ጎድጓዳ ክፍል ውስጥ ይገባል። ከዚያ ውሃው ከፊሉ ወደ ማቀዝቀዣ ታንከር፣ ከፊሉ ወደ ማሞቂያ ታንከር ይወርዳል፤ በሰማያዊና በቀይ ቧንቧዎችም ይቀዳል። ለመቀዳት ግን በወጣው ውሃ ልክ አየር መግባት አለበት። በየጊዜው ከጠርሙሱ የሚሰማው «ቡልቅ ቡልቅ» የሚለው ድምፅ የአዳራሹ አየር ወደ ውሃው ሲገባ የሚሰማ ነው። ሃያ ሊትር ውሃ ሲጠጣ ሃያ ሊትር የክፍሉ አየር፣ ከነአቧራውና ከነተሕዋስያኑ፣ በምትኩ ገብቷል ማለት ነው። የአየር ማጣሪያ የተገጠመላቸው ሞዴሎች አሉ፤ ማጣሪያው በወቅቱ ካልተለወጠ ግን መኖሩ አይጠቅምም።

ሁለተኛው መግቢያ የጠርሙሱ አንገት ነው። ጠርሙሱ በመጋዘን ወለልና በጭነት መኪና ላይ ተንከባሎ፣ በብዙ ሰው እጅ ተይዞ ይመጣል። ክዳኑ ሲነሣ ያልታጠበው አንገት በቀጥታ ጎድጓዳው ውስጥ ተጠምቆ ይቀመጣል፤ ውሃው ከዚያ በኋላ የሚያጥበው የጠርሙሱን ውጪ ጭምር ነው። ጠርሙሱን የሚቀይረው ሠራተኛ ጥቂት ቀደም ብሎ ቆሻሻ ሲያወጣ ወይም መጸዳጃ ቤት ሲያጸዳ የነበረ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው መግቢያ ከታች፣ ከቧንቧው አፍ ነው። ኩባያ በማይኖርበት ጊዜ ታካሚው ሲጠጣበት የቆየውን ሃይላንድ ከቧንቧው አፍ ጋር አስጠግቶ ይሞላል። የአንዱ ታካሚ ምራቅ የነካው የጠርሙስ አፍ የቧንቧውን አፍ ይነካል፤ ቀጥሎ የሚመጣውም ከዚያው ይቀዳል።

እነዚህ ሁሉ መግቢያዎች አደገኛ የሚሆኑት ውሃው መከላከያ ስለሌለው ነው። የከተማ የቧንቧ ውሃ በሚገባ ሲታከም ክሎሪን ይቀርበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ተጠቃሚው በሚቀዳበት ቦታ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም ነጻ ክሎሪን እንዲኖር ይመክራል። የታሸገ ውሃ በአብዛኛው የሚታከመው በኦዞን ወይም በአልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ኦዞን ወዲያው ይበተናል፤ ጨረሩም ከመሣሪያው ካለፈ በኋላ በውሃው ውስጥ የሚተወው ነገር የለም። ስለዚህ ጠርሙሱ በተከፈተ ቅጽበት ውሃው ለሚገባበት ተሕዋስ ሁሉ ክፍት ነው። ከዚህ አንጻር ሲታይ ክሎሪን ክሎሪን የሚለው የፍኖተ ሰላም የቧንቧ ውሃ፣ ጣዕም የለሽ ከሆነው የዲስፔንሰር ውሃ የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይህን ለታካሚ ማስረዳት ቀላል አይደለም፤ የጤና ባለሙያውም ራሱ ሲያምነው ብዙ ጊዜ አይታይም።

በታንከሮቹና በቱቦዎቹ ግድግዳ ላይ የሚደርሱት ባክቴርያዎች ተጣብቀው የሚያዳልጥ ንጣፍ ይሠራሉ። ባዮፊልም የሚባለው ይኸው ነው። ንጣፉ አንዴ ከተሠራ አዲስ ጠርሙስ መቀየር አያጠፋውም፤ እያንዳንዱ ንጹሕ ጠርሙስ በአሮጌው ንጣፍ ላይ ያልፋል። የማቀዝቀዣው ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያለው ቅዝቃዜ እድገቱን ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ታንከሩ የክፍሉን ሙቀት ይይዛል፤ በተለይ በመጋቢትና በሚያዝያ ይህ ለባክቴርያ የተመቸ ሙቀት ነው። ማሽኑ በመስኮት አጠገብ ከተቀመጠ በጠርሙሱ ውስጥ አረንጓዴ አልጌ ይወጣል፤ ለዓይን የሚታየው ብቸኛ ምልክትም እሱ ነው።

የሚጠጣው ማን ነው?

በተከማቸ ውሃ ውስጥ የሚበዙት አብዛኞቹ ባክቴርያዎች ጤናማ ሰውን የማይጎዱ መሆናቸው መዘንጋት የለበትም። በባንክ ወይም በወረዳ ጽሕፈት ቤት የተቀመጠ ዲስፔንሰር በዚህ ረገድ የሚያደርሰው ጉዳት ጥቂት ሊሆን ይችላል። ጤና ተቋም ግን ጤናማ ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ አይደለም።

በጠዋት በጤና ባለሙያ ፊት የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱን የሚውጥ ታካሚ የሚጠጣው ከዚያው ማሽን ነው። ዘግይቶ ወደ ሕክምና የመጣ፣ የሲ.ዲ. 4 መጠኑ የወረደ ኤች.አይ.ቪ በደሙ ውስጥ ያለበት ሰውም እንዲሁ። ከወሊድ በኋላ የተኛች እናት፣ የቃጠሎ ቁስለኛ፣ ስቴሮይድ የሚወስድ ሕሙም ሁሉ ከአንድ ቧንቧ ይቀዳሉ። ለእነዚህ ሰዎች ፕሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ የተባለው በእርጥብ ቦታ ሁሉ የሚኖር ባክቴርያ ተራ ነገር አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ በ250 ሚሊ ሊትር የታሸገ ውሃ ውስጥ አንድም ፕሱዶሞናስ እንዳይገኝ የሚያዝዘው ያለምክንያት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2008 ከጀርመን የወጣ አንድ ዘገባ በዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የተዛመተ የፕሱዶሞናስ ኢንፌክሽን መነሻው ለሕሙማኑ ይቀርብ የነበረ የታሸገ ውሃ እንደ ነበር አሳይቷል። በሰሜን አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻና በ2012 መጀመሪያ አራት ጨቅላ ሕፃናት በዚሁ ባክቴርያ ሲሞቱ ምርመራው ያመራው ወደ መታጠቢያ ገንዳዎቹ ቧንቧዎች ነበር። ሁለቱም አገሮች ላቦራቶሪው፣ ባለሙያውና ገንዘቡ ያላቸው ናቸው። የደም ካልቸር በማይሠራበት ሆስፒታል አንድ ጨቅላ በሴፕሲስ ሲሞት ምክንያቱን እስከ ውሃ ማሽኑ ድረስ ተከትሎ የሚሄድ የለም፤ ማሽኑ በዚያው ይቀጥላል። ጉዳቱ በጽሑፍ ያልሰፈረው ስላልደረሰ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

የቀዩ ቧንቧ ነገር

ብዙ የጤና ባለሙያዎች ስለ ሰማያዊው ቧንቧ ቢጠራጠሩ እንኳ ቀዩን ያምኑታል፤ «የፈላ ውሃ ነው» ይላሉ። ይህ እምነት በተለይ ከባድ የምግብ እጥረት ያለባቸው ሕፃናት በሚታከሙበት የማረጋጊያ ክፍል ውስጥ ዋጋ ያስከፍላል። ኤፍ-75 ወተትም ሆነ ለጨቅላ የሚሰጥ የዱቄት ወተት ከ70 ዲግሪ ባላነሰ ሙቅ ውሃ መበጥበጥ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ ዱቄት ወተት ባወጣው መመሪያ ይህን ልክ ያስቀመጠው ዱቄቱ ራሱ ከተሕዋስያን ነጻ ባለመሆኑና በውስጡ ሊገኝ የሚችለው ክሮኖባክተር ሳካዛኪ የተባለ ባክቴርያ ጨቅላን ሊገድል ስለሚችል ነው።

የማሞቂያው ታንከር አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ብቻ ነው። ሦስት አራት አስታማሚዎች ሻይ ከቀዱ በኋላ ነርሷ ስትቀዳ የምታገኘው ከላይ የወረደው ቀዝቃዛ ውሃ የተቀላቀለበት ለብ ያለ ውሃ ሊሆን ይችላል። መብራት በተቆራረጠ ቁጥርም እንዲሁ። ቀይ ቀለሙ ስለ ሙቀቱ መጠን የሚናገረው ነገር የለም፤ የሚናገረው ቴርሞሜትር ነው።

እዚህ ላይ የአካባቢው ከፍታም ሊታሰብ ይገባል። ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የሚገኙ በመሆናቸው ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። በእሳት ላይ የተንተከተከ ውሃ በዚህ ሙቀትም ቢሆን በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ይገድላል። የማሽኑ መቆጣጠሪያ ግን በ95 ዲግሪ እንዲቋረጥ ተደርጎ ከተሠራ ውሃው እዚያ ሙቀት ላይ ስለማይደርስ ሳያቋርጥ ሊፈላና ታንከሩን ሊያደርቅ ይችላል። ባሕር ዳርቻ ላሉ አገሮች የተሠራ ዕቃ ደጋ ሲወጣ የሚያሳየው ጠባይ ነው።

በተቃራኒው፣ ማሽኑ በሚገባ በሚሠራበት ጊዜ ቀዩ ቧንቧ ሌላ አደጋ ይሆናል። 60 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በአምስት ሴኮንድ ውስጥ የአዋቂን ቆዳ ሙሉ ውፍረት ያቃጥላል፤ በ70 ዲግሪ ጊዜው ከአንድ ሴኮንድ ያነሰ ነው። የሕፃን ቆዳ ደግሞ ከዚህም ፈጥኖ ይቃጠላል። ቧንቧው ዳዴ ከማለት ወጥቶ መቆም የጀመረ ሕፃን እጁን ዘርግቶ በሚደርስበት ከፍታ ላይ ነው። የሕፃናት መቆለፊያው ብዙውን ጊዜ ተሰብሯል ወይም ለአጠቃቀም እንዲያመች ተብሎ ተነቅሏል። በክትባት ቀን እናቶች በተጨናነቁበት አዳራሽ ይህን ማሽን ማቆም በምንም መልኩ ሊደገፍ አይችልም።

ጠርሙሱ ባዶ ሲሆን

የታሸገ ውሃ የሚመጣው በመንገድ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭት ሳቢያ መንገድ በሚዘጋባቸው ጊዜያት ጠርሙሱም አይመጣም። ያኔ ባዶው ጠርሙስ ከቧንቧ፣ ከጉድጓድ ወይም ከምንጭ ተሞልቶ ተመልሶ ማሽኑ ላይ ይቀመጣል። ለተጠቃሚው የተለወጠ ነገር የለም፤ ማሽኑ ያው፣ ጠርሙሱ ያው፣ ውሃው የጠራ። ምንጩን የሚያውቀው የሞላው ሰው ብቻ ነው። ታካሚው ከጀሪካን ቢሰጠው ይጠራጠር ነበር፤ ከዲስፔንሰር ሲቀዳ ግን ሳይጠራጠር ይጠጣል።

ስለ ጠርሙሱ ፕላስቲክም ጥያቄ ይነሣል። ጠንካራዎቹ ባለ 20 ሊትር ጠርሙሶች ብዙዎቹ የሚሠሩት ከፖሊካርቦኔት ሲሆን፣ ከዚህ ፕላስቲክ ቢስፌኖል ኤ የተባለ፣ የሆርሞንን ሥራ የሚያውክ ኬሚካል በጥቂቱ ወደ ውሃው ይገባል፤ ጠርሙሱ ፀሐይ ላይ ሲውልና ሲያረጅ መጠኑ ይጨምራል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2023 በየቀኑ ቢወሰድ አይጎዳም የሚባለውን መጠን ቀድሞ ከነበረው በ20,000 እጥፍ ዝቅ አድርጎታል። ነገሩ ችላ የሚባል አይደለም። ይሁን እንጂ ለምዕራብ ጎጃም ጤና ጣቢያ ቅድሚያው ባክቴርያ ነው፤ ጠርሙሱን ከፀሐይ ማራቅና የተቧጨረውን መመለስ ለጊዜው በቂ ጥንቃቄ ነው።

ከከተማ ወጣ ሲባል

በጃቢ ጠህናን፣ በወንበርማ ወይም በሰከላ የገጠር ቀበሌዎች ዲስፔንሰር የለም። ውሃው ከምንጭ ወይም ከእጅ ፓምፕ በእንስራ ወይም በቢጫ ጀሪካን ይመጣል፤ ከማድጋም በቅል ወይም በጣሳ ተጠልቆ ይወጣል። ችግሩ ግን አንድ ዓይነት ነው፤ ንጹሕ ሆኖ የተቀዳ ውሃ ከተቀዳ በኋላ ይበከላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከገጠር ቤተሰቦች 57 በመቶ፣ ከከተማ 97 በመቶ የሚሆኑት ከተሻሻለ የውሃ ምንጭ እንደሚጠቀሙ አመልክቷል። ይህ አኃዝ የሚናገረው ስለ ምንጩ ነው፤ ስለ ኩባያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመና 57 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ፣ ውሃ ከምንጩ እስከ ቤት ባለው ጊዜ ውስጥ ብክለቱ በብዙ ቦታ እንደሚጨምር አረጋግጧል።

መፍትሔው ውድ አለመሆኑን የሚያሳየው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው የማላዊ ጥናት ነው። በስደተኞች ካምፕ ውስጥ ክዳንና መቅጃ ያለው ባልዲ ብቻ የተሰጣቸው ቤተሰቦች በውሃቸው ውስጥ ያለው የሰገራ ባክቴርያ መጠን በ69 በመቶ፣ ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ልጆቻቸው ላይ የሚታየው ተቅማጥ ደግሞ በ31 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ባልዲው ያደረገው ነገር ቢኖር እጅና ጣሳ ወደ ውሃው እንዳይገቡ መከልከል ነው። በገጠር የሚያስተምሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ ጀሪካን ሁለት ነገሮችን አብረው ቢያነሡ ይጠቅማል። ጠባብ አፉ እጅ ስለማያስገባ ጥሩ ነው፤ ለማጠብ ግን ያስቸግራልና ጠጠርና የሳሙና ውሃ ጨምሮ በኃይል መናጥ ያስፈልጋል። የፀረ አረም ወይም የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ደግሞ ምንም ያህል ቢታጠብ ለመጠጥ ውሃ ሊውል አይገባም።

ሰው ያመነውን ውሃ አይጠራጠርም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በምዕራብ ጎንደር ዞን ቋራ ወረዳ በሚገኘው በርሚል ጊዮርጊስ ጸበል የተሰበሰቡ ምእመናን በኮሌራ የተያዙት ብዙ ሕዝብ መጸዳጃና ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ባልተሟላበት ቦታ በመስፈሩ ነበር። ከግሽ ዓባይ ጸበል በጀሪካን ይዞ ወደ ቤቱ ለሚመለስ ገበሬ ስለ ጀሪካኑ ንጽሕና መንገር እምነቱን መንካት አይደለም፤ በአግባቡ ከተነገረው በደስታ ይቀበላል። የራሳቸውን ዲስፔንሰር አጥበው የማያውቁ ባለሙያዎች ግን ይህን ትምህርት ለማስተማር ይቸገራሉ።

ማሽኑ ካለ ምን ይደረግ?

በአብዛኞቹ ተቋማት የዲስፔንሰሩን ውጪ የጽዳት ሠራተኛ በየቀኑ በጨርቅ ይወለውላል፤ የውስጡ ጽዳት ግን የማንም ሥራ አይደለም። ዕቃው በንብረት ክፍል ተመዝግቧል፤ ሲበላሽ ኤሌክትሪሺያን ይጠራል። የኢንፌክሽን መከላከል ኮሚቴ በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ካላስገባው ማንም አያስበውም። የሚያስገርመው፣ በዚያው ኮሪደር ላይ አንድ እጅ ባለ 5 በመቶ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ተበጥብጦ 0.5 በመቶ የክሎሪን ውህድ በየጠዋቱ መዘጋጀቱ ነው።

ለማሽኑ የሚሆነው ውህድ ከዚህ እጅግ የቀጠነ ነው። በቅድሚያ ማሽኑ ከመብራት ይነቀላል፤ ሙቁ ታንከር እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል፤ ውሃው በኋላ ባለው ማፍሰሻ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። ጎድጓዳው ክፍል በሳሙናና በንጹሕ ብሩሽ ይታሸና ይታጠባል። ከዚያም 15 ሚሊ ሊትር ሽታ ያልተጨመረበት ባለ 5 በመቶ በረኪና በ4 ሊትር ውሃ ተበጥብጦ ይጨመራል፤ በሁለቱም ቧንቧዎች ጥቂት እንዲወርድ ተደርጎ ከሁለት እስከ አምስት ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ በላይ ማቆየት የብረት ታንከሩን ስለሚበላው አይመከርም። በመጨረሻ ተደፍቶ፣ የክሎሪኑ ሽታ እስኪጠፋ በንጹሕ ውሃ በተደጋጋሚ ይታጠባል፤ መብራቱ የሚሰካው ታንከሩ በውሃ ከተሞላ በኋላ ብቻ ነው። አምራቾች ብዙውን ጊዜ በየሦስት ወሩ ይላሉ። መብራት በሚቆራረጥበትና ሕሙማን በሚጠቀሙበት ቦታ በየወሩ ቢሆን ይመረጣል። ፀሐይ ላይ የቆየ በረኪና ኃይሉን የሚያጣ መሆኑም አይዘንጋ።

ጠርሙሱን የሚቀይር ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ የጠርሙሱን አንገት ክዳኑን ከማንሣቱ በፊት በክሎሪን ወይም በአልኮል ይወልውል። ማሽኑ አጠገብ ንጹሕ ኩባያ ይኑር፤ ሃይላንድ ከቧንቧው ጋር እንዳይነካካ በአማርኛ በትልቁ ተጽፎ ይለጠፍ።

ይህን ማድረግ ለማይችል ተቋም ማሽኑን ትቶ ክዳንና ቧንቧ ያለው ባልዲ ማስቀመጥ የተሻለ ነው። በየሳምንቱ ይታጠባል፤ ውሃው እንደ ውሃ አጋር ባለ የክሎሪን ፈሳሽ በመለያው ላይ በተጻፈው ልክ ይታከማል፤ ከ30 ደቂቃ በኋላም የክሎሪን መለኪያ ካለ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም መድረሱ ይታያል። ባልዲው በአዳራሹ ውስጥ እንደ ዲስፔንሰሩ አያምርም፤ መብራት አይፈልግም፤ ሕፃን አያቃጥልም። ለማረጋጊያ ክፍሉ ወተት ደግሞ ከቀዩ ቧንቧ ሳይሆን በማንቆርቆሪያ ተንተክትኮ የወረደ፣ በቴርሞሜትር ከ70 ዲግሪ አለመውረዱ የታየ ውሃ ይቅረብ።